የቮልሴን መሪ ሳቃና ያጣመምኩበት ታሪክ

ሰበታ ግቢዬ ውስጥ የምትቆመው ቮልስ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ናት። የፊት እግሯን ራሴ ነው የሠራሁት። ቦል ጆይንቶቹ ተቀየሩ፣ ኩሽኔታው ጠበቀ፣ አሞርዛተሩ አዲስ ገባ። ከላይኛው ቦል ጆይንት ጋር ያለውን ኤክሰንትሪክ ቡሽ (ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ቀለበት) አዙሬ ካምበሩን፣ ማለትም ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበትን ልክ፣ አስተካከልኩ። ካምበር ይቅደም፤ እሱ ሲነካ የጎማው አቅጣጫም ይዛባል። እስከዚህ ድረስ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ጣጣው የጀመረው የጎማ አቅጣጫ የሚያስተካክሉበት አላይመንት ቤት ስወስዳት ነው። ስወጣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ መሪው ግን ወደ ቀኝ ዞሯል። ተመለስኩ። ልጁ ቲራንቲውን (ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) በማስተካከል ፈንታ መሪውን ነቀለና ቀና አድርጎ መልሶ ሰካው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። እኔ ሞኙ ደግሞ "ጎበዝ!" ብዬ የሻይ ሰጠሁት። ትዝ ሲለኝ ዛሬም እበሽቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ አለም ገና መንገድ ላይ ሲኖትራክ ባለፈኝ ቁጥር መኪናዋ ትዋልላለች፤ መሪውን ብነቀንቀው ጎማው አይሰማም። ሄጄ ስነግረው ኮምፒዩተሩን እያሳየ "ጋሼ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ማሽኑ የሚለካው ጎማ ነው፤ የመሪውን መዞር ወደ ቲራንቲው የሚያስተላልፈውን የመሪ ሳጥን የት አይቶት!

የዚህ ሳጥን ጥርሶች ተጠጋግተው የሚገጥሙት መሃል ላይ ነው። መሪው ተነቅሎ ሲሰካ ሳጥኑ እንደዞረ ስለቀረ፣ ቀጥታ መንገድ ላይ የምነዳው በላላው በኩል ነበር። ይህን ሳላውቅ ክፍተቱን ላጠፋ የሳጥኑን ማስተካከያ ብሎን አጠበቅኩ። ቀጥታው ላይ ተሻለ፤ ወለቴ ላይ ወደ ግራ ስታጠፍ ግን መሪው ነክሶ ያዘ። ከፊቴ ባጃጅ ነበር። ላብ በላብ ሆንኩ።

በመጨረሻ ሁለቱንም ቲራንቲ ፈትቼ መሪውን ቀስ ብዬ ከጫፍ ጫፍ አዞርኩት። መሃል ላይ በትንሹ ከበድ የምትል ነጥብ አለች፤ ብሎኗን እዚያ ላይ እንደገና አስተካከልኩ፣ መሪውንም እዚያው ላይ ቀና አድርጌ ሰካሁ። ከዚያ በኋላ የተነካው ቲራንቲ ብቻ ነው፦ አንዱን ባስረዘምኩበት ልክ ሌላውን አሳጠርኩ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ጎማዎች ወደ ውስጥ የሚገቡበት ልክ አይለወጥም።

መጽሐፉ የፊት ጎማዎቹ ግማሽ ዲግሪ ወደ ውስጥ ይግቡ ይላል። እኔ ግን ራዲያል ጎማ ስለገጠምኩ በሲባጎ እየለካሁ ከዚያ ቀነስ አድርጌዋለሁ፤ ጎማዬ እኩል እየተበላ ነው። መሪ ልንቀል የሚላችሁ ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ወደ ግራ ስታጠፍ አሁንም አንዲት ቦታ ላይ ሸከርከር ይላል። ያቺን ብሎን ያጠበቅኩ ጊዜ የበላሁት ጥርስ ነው።