ብሩ ይጨምራል፣ ኪሎው ይቀንሳል

ዛሬ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ቡና ስገዛ ሻጯ እናት ደብተራቸውን አሳዩኝ። በየወሩ ባንክ ያላቸው ብር ተጽፏል። ከጎኑ ደግሞ በዚያ ብር ስንት ኪሎ ቡና እንደሚገዛ። ብሩ ወር በወር ይጨምራል፤ ኪሎው ይቀንሳል።

«የቱን ልመን ልጄ?» አሉኝ።

ኪሎውን ይመኑ አልኳቸው። በ7 በመቶ ወለድ 10,000 ብር በዓመት 10,700 ይሆናል። በ10,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ 11,500 ከገባ ግን 800 ብር ጎደለ ማለት ነው። ሰው ኢንቨስት ማድረግን፣ ማለትም ብሩን ትርፍ ያመጣል ብሎ በሚያስበው ነገር ላይ ማዋልን የሚያስበው ለዚህ ነው። አንዱ መንገድ አክሲዮን መግዛት ነው።

አክሲዮን የገዛ ሰው ከድርጅቱ ላይ ድርሻ አለው። ካተረፈ ይካፈላል፣ ከከሰረም አብሮ ይጎዳል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ለገበያ እናት ይሄ ቀላል ብር አይደለም! ስለዚህ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የመታከሚያ ብር በፍጹም አይነካ አልኳቸው። አክሲዮን ላይ የሚውለው ለዓመታት የማይፈለግ ብር ብቻ ነው።

ባንኮቻችን ይህንን በአማርኛም በኦሮምኛም ገበያ ድረስ ወርደው ቢያስረዱ በጣም ደስ ይለኛል። እኚህ እናት ግማሹን ሥራ ብቻቸውን ጨርሰውታል።