የገና ዶሮ እና ሐምሌት

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው። ከታች በጎች ይጮኻሉ። እናቴ ሽንኩርቱን ማቁላላት ከጀመረች ሁለት ሰዓት አልፏታል። ዓይኗ ቀልቷል። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኳትም።

አባቴ ያረፈው በሰኔ ነው። ያለ እሱ የመጀመሪያው ገናችን ነው።

ጡረታ የወጣ የአማርኛ አስተማሪ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ለኩሶ ተውኔት ያወጣል። ለእናቴ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ ለእኔና ለእህቴ አንዳንድ ያድለናል። የቀረውን ሁሉ በየድምፁ ራሱ ይጫወተዋል። በመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ግን ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ባሕሩን፣ ለማንም አይሰጥም። ይህ የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ላግባ ሲል እናቴ በሳቅ ትፈርሳለች። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በአማርኛ ከዚያ የሚበልጥ ኮሜዲ አልተጻፈም።

ዘንድሮ መጻሕፍቱን ለብቻዬ አነበብኳቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመው የሼክስፒር «ሐምሌት» ኅዳጉ ላይ የአባቴ እርሳስ አለ፤ «እዚህ ጋ ትንፋሽ ውሰድ» ይላል። ተማሪ ሳለሁ፣ አባቱን የገደለውን አጎቱን ለመበቀል የሚያመነታው ልዑል ሐምሌት ያናድደኝ ነበር። ምን ይጠብቃል? ለምን አይቆርጥም? አሁን ግን የበቀሉን ነገር ተውኩት፤ ገና መጀመሪያው ላይ ቀረሁ። አባቱ ከሞተ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ለቀብሩ የተሠራው ምግብ ቀዝቅዞ ለእናቱ ሰርግ ቀርቧል። አጎቱ በሰው ፊት ሐዘንህ ወንድ አይመስልም ይለዋል። ጓደኛው ሆራሺዮ እስኪመጣ ድረስ፣ በዚያ ሁሉ ቤተ መንግሥት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ስለ አባቱ የሚያወራው ሰው የለም። ሼክስፒር ሐምኔት የሚባል ልጁ በ11 ዓመቱ ሞቶበታል፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1596። ተውኔቱ የመጣው ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሐዘኑን ከሩቅ አልጻፈውም ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከእህቴ ጋር የኃይሌ ገሪማን ፊልም «ጤዛ»ን አየን። 140 ደቂቃ ነው። የጀርመኑ ክፍል ቢያጥር እወድ ነበር። ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ሲመለስ፣ የእናቱ ፊት! እኔን የያዘኝ ፖለቲካው አይደለም፣ እናትየዋ ናት። ሲያልቅ ሁለታችንም ዝም አልን። አባባ ቢኖር እስከ እኩለ ሌሊት ያከራክረን ነበር።

ጎረቤቶቼ፣ እግዜር ይስጥልን። አርባው እስኪወጣ ጀበናችሁን ይዛችሁ እኛ ቤት ቡና ያፈላችሁ፣ የአባባን ሳል ሳይቀር እያነሣችሁ ያሳቃችሁን። የእህቴ ጓደኞች፣ ከፒያሳ ድረስ ሁለት ታክሲ እየቀየራችሁ የመጣችሁ። «አሁንስ ይብቃችሁ» ያሉንም ነበሩ፤ ክፉ አስበው አይደለም። ግን በዚህ በዓል አዲስ ሐዘንተኛ ያለበት ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ አደራ፣ አታጣድፉት። የሞተበትን ሰው ስም አንሡለት።

ዛሬ ጠዋት ዶሮውን አንጠልጥዬ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። ሁልጊዜ የሚባርክልን አባቴ ነው፤ አሁን ሦስት ሴቶች ቀርተናል። የሁለተኛው ፎቅ ጋሼ ሳልጠራቸው ብቅ አሉ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ቢላዋቸውን ይዘው።

«አምጪው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ቢላዋውን አየት አድርገው፣ «አባትሽ እኮ ቢላ መሳል አያውቅበትም ነበር። በየበዓሉ ዋዜማ ማታ ደበቅ አድርጎ እያመጣ እኔ ነበርኩ የምስልለት» አሉ።

ይህን አላውቅም ነበር። እናቴም አታውቅም። ሽንኩርቱን ትታ መጥታ አስደገመቻቸው።

ጋሼ፣ ነገ ከምሳ በኋላ ከነቤተሰብዎ ይምጡ። መብራት ቢኖርም ባይኖርም «ያላቻ ጋብቻ»ን እናነባለን። የባሕሩን ቦታ ለእርስዎ ይዘናል።

መልካም ገና!