ቾክ ካልተዘጋ የማይሰራው ፓምፕ

ዛሬ ጠዋቴን የበላው የአጎቴ የውሃ ፓምፕ ነው። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ሽንኩርት አላቸው፤ ሽንኩርት ደግሞ «ነገ ትጠጣለህ» ቢሉት አይሰማም።

ሞተሩ ይነሳል፣ ከዚያ ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ቾኩን (የአየር መግቢያውን መዝጊያ) ግማሽ ስዘጋው ጸጥ ብሎ ይሰራል። ስከፍተው ይንገዳገዳል። ያው ቤንዚን አንሶታል፣ ወይ የሆነ ቦታ አየር ይስባል።

አጎቴ ካቻቢቴ እያቀበሉኝ «በል ካርቡሬተሩን አስተካክለው» ይሉኛል። ምኑን ላስተካክል? ካርቡሬተሩ ቤንዚንና አየር ይቀላቅላል፤ የቤንዚኑ ልክ ግን ከፋብሪካ ተወስኖ የመጣ ነው። ያለችው ብሎን የሚኒሞ (የሞተሩን ዝቅተኛ ፍጥነት የምትወስነው) ብቻ ናት። እንዲህ ያለው ካርቡሬተር ሲያስቸግር መጀመሪያ የምጠረጥረው ቆሻሻ ነው።

ቤንዚኑን ዘግቼ ፈታሁት። ቤንዚን የሚጠራቀምበት ሳህኑ ስር ቡናማ ዝቃጭና የውሃ ጠብታ። ወይ የቤንዚኑ ጄሪካን! ጄቷን፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የናስ ቁራጭ፣ ወደ ፀሐይ አነሳኋት። ቀዳዳዋ ከመርፌ ትቀጥናለች፤ ብርሃን አታሳልፍም። አጎቴ ሽቦ ይዘው መጡ።

«ኧረ ይተዉት አጎቴ! ናስ ነው፣ ከሰፋ አይመለስም።»

ጎሚስታ ጋ ሄጄ በኮምፕሬሰር አስነፋኋት። ገጠምኩ። አሁንም ከፍ ዝቅ! ለካ ከሚኒሞዋ ብሎን ስር የተደበቀች ሌላ ትንሽ ጄት ነበረች። እሷን ረስቼ ነው። (ጎሚስታው ሁለተኛ ሲያየኝ ሳቀ።)

አዲስ ቤንዚን ጨምረን ቾኩን ሙሉ ከፈትኩት። ድምፁ ቀጥ አለ። አጎቴ ምንም ሳይሉ ቱቦውን ተከትለው ወደ ሽንኩርታቸው ሄዱ። ጄሪካኑ ግን አሁንም እዚያው ቆሟል፣ ክዳኑ ፌስታል ነው።