በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘው አንቀጽ

ጓሳ ላይ የቀይ ቀበሮ ቆጠራ ላይ ነበርን። መንዝ ያለው ጓሳ፣ ከ3200 ሜትር በላይ፣ ጠዋት ጠዋት ጣት የማይታዘዝበት ቦታ። አብረውኝ የነበሩት የአካባቢው ጥብቅ ሥፍራ ጠባቂ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። እኔ ቅጽና ጂፒኤስ ይዣለሁ። እሳቸው ዱላ ይዘው ጋቢ ደርበዋል።

ሦስት ሰዓት ገደማ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሜዳው ላይ ተበትኖ ይግጣል። አንድ ቀበሮ ወደ መሀላቸው ሲያመራ አየሁ። እናቶቹ ግልገል አዝለዋል። ምንም አላሰብኩም። ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ፣ ጮህኩም። ቀበሮው ሸሸ። መንጋውም ወደ ገደሉ ተመመ።

"ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?" አሉኝ። ቁጣቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

"ግልገሎቹን ሊበላቸው እኮ ነው አባቴ።"

"ማን? እሱ? እሱ አይጡን ነው የሚፈልገው። ጭላዳው ሲግጥ ሣሩ ይረበሻል፣ አይጡም ይወጣል። አካሄዱን አላየህም? ቀስ ብሎ ነው፣ እንዳያስደነግጣቸው። ግልገል ላይ የቃጣ ቀን ሁለተኛ አያስጠጉትም። እሱ ይህን ያውቃል። ያላወቅኸው አንተ ነህ።"

ትምህርት ቤት የምግብ ሰንሰለት ሲያስተምሩን ቀስቱ ሁሉ ከተበዪ ወደ በላተኛ ነበር። ሥጋ በል አውሬና ሣር ጋጭ እንስሳ በአንድ ሜዳ ላይ ሳይነካኩ መዋል እንደሚችሉ የነገረኝ አልነበረም።

ቁጣቸው ሲበርድ ተቀመጥን። የጓሳውን ሣር በእጃቸው ገለጥ አድርገው የአይጦቹን መሄጃ አሳዩኝ። እንደ ጠባብ መንገድ ነው፣ ከሥሩ ይሽሎከለካል። "ይሄ ከታጨደ አይጡ የት ይደበቃል? አይጥ ከሌለስ ያ ያባረርኸው ምን ይበላል?" አሉኝ። ከዚያ ስለ ቀሮ፣ ስለ ድሮው የጓሳ መጠበቂያ ሥርዓት፣ ነገሩኝ። ድሮ ጓሳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ሕዝቡ ተስማምቶ ይከፍተዋል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ያጭዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ማጭድ ያለው ሁሉ ገባ። ሣሩ ሳሳ። ኋላ ነዋሪው ራሱ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ነው መልሶ መጠበቅ የጀመረው። እኔ ቀበሮ ልቆጥር መጥቼ ቀበሮው በምን እንደቆመ የገባኝ ያን ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን መንጋው መሀል ቀበሮ ገባ። ትንፋሼን ውጬ አየሁ። አንድም ጭላዳ ቀና አላለም። ቀበሮው ዓይኔ እያየ ሁለት አይጥ ያዘ።

ይህን ሁሉ፣ የጠባቂውን ቃል ጨምሬ፣ በሪፖርቱ አንድ አንቀጽ አድርጌ ጻፍኩት። የቅርብ አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። "የጥበቃ ሠራተኛ ወሬ ማስረጃ አይሆንም" አሉኝ። ጓሳ አንድ ሌሊት ያላደሩ ሰው ናቸው። ያ አንቀጽ የሌለበትን ቅጂ አስተካክዬ አስገባሁ።

በ2015 እ.ኤ.አ. እዚያው ጓሳ ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። ቀበሮ ብቻውን አይጥ ለመያዝ ሲሞክር የሚሳካለት 25 በመቶውን ነው። ጭላዳ መሀል ሲሆን ግን 67 በመቶ ይደርሳል። አንብቤ ስጨርስ እጄ ስልክ ላይ ነበር።

ቁጥሮቹን ለጠባቂው አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

"ያንተስ ወረቀት ምን ሆነ?" አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። የኛው አንቀጽ መሰረዙን፣ አለቃዬ ያሉትን።

"አንተስ? ያለ እሱ ፈረምክ?"

"አዎ አባቴ፣ ፈረምኩ።"