ወርቁ እምቢ ብሎኝ ነበር

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የዳዊት መዝሙር ሲገለበጥ መክፈቻው ላይ አንድ ትልቅ ፊደል በወርቅ ይሣል ነበር። ላቲኑ «ቤያቱስ» ብሎ ስለሚጀምር ፊደሉ «ቢ» ነው። የእኛም ዳዊት «ብፁዕ ብእሲ» ብሎ ይጀምራል፤ ያውም በ«ብ»። ግጥምጥሞሹ ደስ አለኝና ያችን «ቢ» በብራና ላይ በእውነተኛ ወርቅ ልሞክራት ተነሣሁ።

የጥጃ ብራና ገዛሁ፣ ንድፉን አወጣሁ። ከዚያ ቸኮልኩና ሰማያዊውንና ቀዩን አስቀድሜ ቀባሁ። ስሱን የወርቅ ቅጠል ሳሳርፍ ፊደሉን ትቶ ቀለሙ ላይ ተለጠፈ። ቀለሙ በሙጫ የተበጠበጠ ነዋ! ልፍቀው ስል ሰማያዊውም አብሮ ተነሣ። ለካ ወርቅ ይቀድማል፣ ቀለም ይከተላል።

በሁለተኛው ዙር ከወርቁ ሥር የሚገባውን መደብ ሠራሁ፦ ጄሶ፣ የዓሣ ሙጫ፣ ስኳርና ቁንጥር ቀይ አፈር። የድሮዎቹ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ ነጭ ዱቄትም ይጨምሩ ነበር፤ መርዝ ስለሆነ እኔ ትቼዋለሁ። በብዕር ጠብ ጠብ እያደረግኩ ስሞላው ፊደሉ ጉብ ብሎ ወጣ። አረፋዎቹን በመርፌ ማፈንዳት ነበረብኝ። ያለፍኳቸው ሁሉ ሲደርቁ ቀዳዳ ሆኑ።

አሁን ወርቁ። እንዲህ ስስ ነገር ነክቼ አላውቅም፤ አጠገቡ ብትስቅ በርሮ ይሄዳል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። በወረቀት ቱቦ መደቡ ላይ ከደረትህ «ሃ» ብለህ ትተነፍሳለህ፣ ስኳሩ እርጥበቱን ይስባል፣ ወርቁ ይያዛል። እኔ ግን «ሃ» ብል፣ «ሃ» ብል፣ ወርቁ አልያዝ አለ! ውጭው በረዶ ነው፣ ማሞቂያው ሌት ተቀን ይሠራል፣ የቤቱ አየር ክው ብሎ ደርቋል።

በ1400 አካባቢ የጻፈው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ ለወርቅ ሥራ እርጥበት ያለው አየር ምረጡ ይላል። እኔ የመረጥኩት ሻወር ቤቱን ነው። ሙቅ ውሃ ለቅቄ በሩን ዘጋሁ።

ባለቤቴ አንኳኳች። «ምን እየሠራህ ነው እዚያ ውስጥ?»

«ወርቅ እየለበጥኩ።»

ዝም አለች።

ሁለት ትንፋሽ በቃው፤ ያዘ! ብራናው ግን እንፋሎቱን ጠጥቶ ተጥመለመለ። ለሦስተኛው ሙከራ ጣውላ ላይ ወጥሬ ቸነከርኩት፤ ሻወር ቤቱም የገባሁት እንፋሎቱ ትንሽ ከወጣለት በኋላ ነው።

የቀረው ማሸት ነው። ጥንት በውሻ ጥርስ ያሹት ነበር፤ ቼኒኒ የአንበሳም ይሆናል ይላል። እኔ ለስላሳ የአጌት ድንጋይ ተጠቀምኩ። መደቡ ሳይጠነክር ብትጫነው ይላጣል፤ ስለዚህ ጥቂት ጠብቄ በስሱ ጀመርኩ። መጀመሪያ ድንጋዩ ይቆረቁራል፣ ይንተባተባል። ከዚያ በድንገት ሸርተት ማለት ይጀምራል፤ ያኔ ፊቴን ወርቁ ውስጥ አየሁት።

ታች፣ የፊደሉ ሆድ ላይ፣ ቀዩ አፈር በስንጥቅ ብቅ ብሏል። እንዲሁ ትቼዋለሁ።