ከዘንገና አፋፍ እስከ ጮቄ ጫፍ

የጎጃሙን ጮቄ ተራራ ወጥቼ ነበር ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በመኪና ነው?» ብሎ ነው። አይገርመኝም። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል የሚወጣው ጠጠር መንገድ ተራራውን አቋርጦ ወደ ድጓ ጽዮን ይሻገራል፤ መስኮት ዘግቶ ማለፍ ይቻላል። ተራራ መውጣት ሲባል ደግሞ ሁላችንም ቶሎ የሚታየን ሰሜን ነው፣ ራስ ደጀን ነው። ጎጃም የራሱ ዳገት አለው። በእግሬ ሄጄበታለሁና ከልቤ ነው የምናገረው፣ ቀላል አይደለም።

የሄድነው በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፣ መንገዱ ሰላም ሳለ። ሦስት ነበርን። እኔ፣ አብሮ አደጌ እና ታናሽ እህቱ።

ሳንባችንን እናለማምድ ብለን መጀመሪያ ዘንገና ሐይቅ ሄድን። እንጅባራ፣ ሰው አሁንም ኮሶበር የሚላት ከተማ፣ አጠገብ ነው፤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ። ከአስፋልቱ ወርደን ትንሽ እንደተራመድን መሬቱ አለቀ። በቃ አለቀ። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቆፈረው ክብ ጉድጓድ፣ ከታች የተኛ ውሃ፣ ዙሪያውን ደን። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ያለውን የንግድ ባንክ ሕንጻ፣ ያንን 209 ሜትር የሚረዝመውን፣ መሐሉ ላይ ብታቆመው ከውሃው በላይ የሚታይህ ጫፉ ብቻ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ውሃውን ያየሁበት ዓይን ተለወጠ።

አፋፉን ይዞ መዞር ደስ ይላል፣ አይከብድም። ችግሩ የመጣው ሰው ከለመደው መንገድ ወጥተን በሌላኛው በኩል ወደ ውሃው እንውረድ ስንል ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ አፈሩ እርጥብ፣ ላዩ በወደቀ ቅጠል የተሸፈነ። ሥር እየያዝን ወረድን። አንዱ ሥር እጄ ላይ ተነቀለና በጎኔ ተንሸራትቼ አንድ ግንድ አቆመኝ። ከላይ አንድ እረኛ ልጅ «በዚያ ከብትም አይወርድ!» ብሎ ጮኸብን። ተመለስን። ልጁ ልክ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሐይቅ ዳሩ ላይ ጥልቅ ነው፣ ገብተህ ቀስ እያልክ የምትለምደው ውሃ አይደለም።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ ሮብ ገበያ። እዚያ ያደርነው አንድ ሌሊት ብቻ ነው፣ ይህ ስሕተታችን ነበር፤ እመለስበታለሁ።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሣን። መሪያችን በእድሜ የገፋ ገበሬ ነው፣ ጋቢ ደርቦ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ በትሩን ትከሻው ላይ ጭኖ። «አያ» እያልን ነው የጠራነው። የኔን ውድ ጫማ አየና ምንም አላለም። በጨለማ የገብስ ማሳ ለማሳ ሄድን፤ አጨዳ ላይ ስለነበር ክምሩ እዚህም እዚያም ይታያል። ሲነጋ መሬቱ ነጭ ሆኖ አገኘነው። ውርጭ ነው። ሲረግጡት ይሰበራል።

ከማሳው በላይ ጓሳው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ሣር፣ ይጀምራል፣ ከጓሳው መሐል ጅባራው፣ እንደ ዛፍ የሚቆመው የውርጭ አገር ተክል። ጅባራን በፎቶ ያየ ሰው አላየውም ነው የምለው። ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን አለ። ዓመታት ጠብቆ አንዴ ያብባል፣ ካበበ በኋላ ይሞታል። የደረቁት እንደ ጥቁር ምሰሶ ቆመው ጉም ውስጥ ሲታዩ ሰው ይመስላሉ፤ ሁለት ጊዜ ሰላምታ ልሰጥ ነበር።

የጮቄ ክብደት ገደሉ ላይ አይደለም። ተራራው የዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ የተሠራ ነው፣ እንደ ተደፋ ጋሻ የተንጣለለ። ስለዚህ ጫፉ አይታይም። አንድ ጉብታ ትወጣለህ፣ ደረስኩ ትላለህ፣ ከኋላው ሌላ ጉብታ ተቀምጧል። እሱን ትወጣለህ። ሌላ። ይህ አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋገም እግር ሳይሆን ልብ ነው የሚደክመው። ከ4,000 ሜትር በላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ አሥር እርምጃ ሄደህ ቆመህ ትተነፍሳለህ፣ ደግሞ አሥር።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ውሃው ነው። ጮቄ ከላይ እስከ ታች ያልባል። ጓሳው ሥር ረግረግ አለ፣ ላዩ ያማረ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል፣ ስትረግጠው እስከ ጉልበትህ ይውጥሃል። እኔን ሁለት ጊዜ ውጦኛል፣ ሁለተኛው ላይ ጫማዬን በእጄ ጎትቼ ነው ያወጣሁት። «ሣሩን ከሥሩ ርገጥ፣ አረንጓዴውን ተወው» አለኝ አያ። ከዚያ በኋላ የእሱን ኮቴ ብቻ እያየሁ ሄድኩ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የጓደኛዬ እህት ራሴን አመመኝ አለች። ትንሽ ቆይታ አስመለሳት። ውሃ ጠጥታ አረፍ ብላም አልተሻላትም። ከፍታ ሲሆን መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ ሌላ ጨዋታ የለም። ወንድሟ ይዟት ወደ መኪና መንገዱ ወረደ። እኔ ልመለስ ወይስ ልቀጥል እያልኩ ስቆም «አንተ ሂድ» ያለችኝ እሷ ናት። አሁንም ሳስበው ያመኛል፤ ሁለት ሌሊት ሮብ ገበያ ብናድር ኖሮ ምናልባት አብራን ትወጣ ነበር። የምትሄዱ ካላችሁ እባካችሁ አትቸኩሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ለእኔ ከባዱ ነው። አያ በጅረት ቦይ በኩል አቋራጭ አለ አለኝ። ጥቁር ቋጥኝ፣ በላዩ ቀጭን ውሃ፣ በውሃው ላይ ዝልግልግ ያለ ነገር። በእጅም በእግርም ነው የሚወጣው። እሱ በትሩን ስንጥቅ ውስጥ እየሰካ እንደ ደረጃ ወጣው። እኔ መሐሉ ላይ ደረቅሁ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ አቃተኝ። አያ ተመልሶ ወርዶ በትሩን ዘረጋልኝ። «ወደ ታች አትይ። በትሩን እይ።» በትሩን አየሁ፣ ወጣሁ።

ላይ ስንደርስ ጉም መጣ። እጄን ዘርግቼ ጣቴ አይታየኝም ነበር። አያ ወዲያው ተቀመጠ፣ እኔንም አስቀመጠኝ፣ በጉም የሚሄድ ሰው ከብቱንም ራሱንም ያጣል አለ። በሶ በጥብጠን ጠጣን። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ጉሙ እንደ መጋረጃ ተከፈተ። ከአሁን በኋላ ዳገት የለም፣ ጫፉ ላይ ነበርን።

ከዚያ የሚታየውን እንዴት ልንገራችሁ። በየአቅጣጫው ሸለቆ፣ በየሸለቆው የሚያብለጨልጭ ክር። አያ በበትሩ እየጠቆመ ቆጠረልኝ፤ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ዓባይ ነው። እግሬን የዋጠው ረግረግ ወንዝ ሊሆን የሚጠራቀም ውሃ ነው ለካ። ጓሳው ይዞ በቀስታ ይለቀዋል። አሁን ማረሻው ዓመት በዓመት ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ የአስታው ደን ብዙ ቦታ አልቋል፣ የታረሰው ዳገት ላይ ቦረቦሩን አይቻለሁ። በገበሬው አልፈርድም፣ ልጆች ያበላል። አያ ራሱ የሚያርሰው እዚያ ነው። «አባቴ ሳለ ይኼ ሁሉ አስታ ነበር» ሲል ድምፁ ቅር ያለው ነበር።

የወረድነው በሌላ በኩል፣ በረጅሙ መንገድ ነው። ቦዩን ዳግም አላየውም ብዬ ለመንኩት፣ «በጀ» አለ። ወደ ታች ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ ግን ደረስን። የጓደኛዬ እህት ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ትበላለች፣ ፊቷ ተመልሷል። ሁለት ድንች ሰጠችኝ።

ከመለያየታችን በፊት አያ ባዶ ሃይላንዳችንን ተቀበለንና ከመንገዱ በላይ ያለች አንዲት ትንሽ ምንጭ ጋ ሄደ። ላዩን በእጁ ገፋ ገፋ አድርጎ ሞላው። ጥርስ የሚያሳምም ቅዝቃዜ ነው። ተራ በተራ ጠጣን፣ እሱም ጠጣ፣ የተረፈውንም መሬት ላይ አልደፋውም፣ መልሶ ምንጯ ውስጥ አፈሰሰው።