ጋሻ ጃግሬውን ቆርጬ ያወጣሁበት ሥዕል

ቅድመ አያቴ ፊታውራሪ ነበሩ። ከእሳቸው የቀረን አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ባለፈው ዓመት እሱን አይቼ በዘይት ቀለም ልሥላቸው ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሸፈ። የቀረውን ቆርጬ አውጥቼ ፊታቸውን ብቻ ሣልኩ። ለዓይናቸው ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። አክስቴ ዝም ብላ አየችውና «መልኩስ እሳቸው ናቸው። ፊታውራሪነታቸው ግን የት ሄደ?» አለችኝ።

ወደ ፎቶው ተመለስኩ። ራሳቸው ላይ የአንበሳ ጎፈር፣ ትከሻቸው ላይ ባለ ጥልፍ ካባ፣ ወገባቸው ላይ ጎራዴ። ከኋላቸው ጋሻ ጃግሬያቸው ጋሻና ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ካባ በሹመትና በሽልማት የሚገኝ እንጂ ማንም ገበያ ወጥቶ የሚገዛው አልነበረም። ፎቶውን ያየ ሰው የባለቤቱን ማዕረግ ከልብሱና ከአጃቢው ያነብ ነበር። እኔ ያንን ሁሉ ጌጥ ብዬ ነው የጣልኩት።

የድሮ ሠዓሊዎች ማዕረግን እንዴት እንደሣሉ ለማየት ከባሕር ዳር ጀልባ ይዤ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ሄድኩ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት። እቴጌዋ እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ትሕትና ነው። ግን እዚያ እግር ሥር ቦታ የሚያገኘው ደብር ያሠራ ሰው ነው። እዚያ ቆሜ ብዙ አሰብኩ።

ቀለሙ ላይም ልሳሳት ነበር። ፎቶው ላይ ጥቁር ስለሚመስል ካባውን ጥቁር ልቀባው አስቤ ነበር። አክስቴ ከሳጥኗ ቁራጭ ጨርቅ አወጣች፤ ደማቅ ቀይ ከፋይ! ለካ የድሮ ፊልም ቀይን ጥቁር አድርጎ ነው የሚያወጣው። ከድሮ ፎቶ የምትሥሉ ሰዎች፣ ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ቤት ውስጥ የቀረ ጨርቅ ካለ ጠይቁ።

ሁለተኛውን ሥዕል ከጋሻው ጀመርኩ። ከዚያ ካባው፣ ፊታቸው መጨረሻ ላይ። የጋሻ ጃግሬው ፊት ግማሹን ጥላ ውጦታል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ደግሞ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ሰው ነው። ስለዚህ ፊቱን መለስ አድርጌ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሣልኩለት። ፎቶውን እንዳለ መከተል ነበረብህ ያሉኝ አሉ። እኔ አልስማማም።

ሥዕሉ አሁን አክስቴ ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ የቅድመ አያቴን ሹመት ትተርካለች። ባለፈው የልጅ ልጇ ጋሻ ጃግሬውን አመልክቶ «ይሄስ ማነው?» አላት። ከመካከላችን ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም።